ኮርማ፣ ሰንጋና የጉልበት መርፌ

ብቸና የከብት ገበያ በሬ ሊገዛ የገባ ገበሬ ከበሬው ኋላ ዞሮ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ተቀጥቅጧል ወይስ ገና ኮርማ ነው? ይህን ሳያጣራ ዋጋ አይጠራም። ከዚያ ሻኛውን በመዳፉ ይይዛል፣ አንገቱን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል። ኮርማው አንገቱ የደነደነ፣ ዓይኑ የማያርፍ ነው፤ ላም ከሸተተችው ገመድ አያቆመውም። የተቀጠቀጠው ረጋ ያለ ነው፤ ለቀንበር ይመቻል፣ ሲቀልቡትም ቶሎ ስብ ይይዛል።

የጎጃም ገበሬ ከዚህም የረቀቀ ነገር ያውቃል። ወይፈኑን ቶሎ አይቀጠቅጠውም። ትከሻው እስኪሰፋ፣ ሻኛው እስኪቆም፣ ቀንበር የሚያርፍበት አንገቱ እስኪጠና ድረስ ጥቂት ዓመት ይታገሠዋል። ገና በጥጃነቱ የተቀጠቀጠ እግሩ ይረዝማል እንጂ አንገቱ እንደ ኮርማ አይደነድንም። ገበሬው ይህን ሲያደርግ የሚጠቀምበት ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ነው። ሥራውን እስኪሠራ ይተወዋል፤ ሲበቃው ያቆመዋል።

ሳይንስ ወደዚሁ እውቀት የደረሰው በዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ጀርመን አገር ጎቲንገን ከተማ የነበረው አርኖልድ በርትሆልድ የአውራ ዶሮ ጫጩቶችን የዘር ፍሬ አወጣ። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫጨ፤ መጮኽም፣ መደባደብም፣ ሴቷን ማሳደድም ተዉ። ለሌሎቹ ግን የዘር ፍሬውን ሆዳቸው ውስጥ መልሶ አስቀመጠላቸው፤ እነዚያ እንደማንኛውም አውራ ዶሮ አደጉ። ነርቩ ተቆርጧል፣ ቦታው ተቀይሯል። እንግዲያው ወንድ የሚያደርጋቸው ነገር በደም የሚሄድ ነው ማለት ነው። ያ ነገር ተነጥሮ ስም እስኪወጣለት 86 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1935 አምስተርዳም ውስጥ የኧርነስት ላኩዌር ቡድን ከ100 ኪሎ የኮርማ ቆለጥ 10 ሚሊ ግራም ብቻ አንጥሮ አወጣ። በዚያው ዓመት አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካ በላቦራቶሪ ሠሩት፤ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሆርሞኑ መድኃኒት ሆኖ ለገበያ እንዲቀርብ ያስቻለው ይህ በላቦራቶሪ መሠራቱ ነው።

በወንድ አካል ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን 95 በመቶ ያህሉ የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ነው። ሴቶችም ያመርታሉ፤ መጠኑ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ከላይ ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ፒቱታሪ ዕጢ መልእክተኛ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች፤ የዘር ፍሬው መልእክቱ ሲደርሰው ያመርታል። በደም ውስጥ በቂ ቴስቶስትሮን ሲኖር አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል። ከውጭ በመርፌ የገባውንም ራሱ ካመረተው ለይቶ አያውቅም። ይህን አንድ ነገር የያዘ አንባቢ ስለ መርፌው የሚነሣውን ክርክር ግማሹን ተረድቷል።

ልጅ ጎረመሰ የሚባለው ይህ ምርት ሲጨምር ነው። ማንቁርቱ ይወጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ጡንቻው ይጠነክራል። ጺም ዘግይቶ ይመጣል። ስለ ጺም ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የጤናማ ወንድ መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ300 እስከ 1,000 ናኖ ግራም ገደማ ነው፤ በዚህ ክልል ውስጥ 400 ያለው ሰው ጺሙ ደረቱን ሊነካ፣ 900 ያለው ደግሞ አገጩ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚለያያቸው ከወላጅ የወረሱት የቆዳ ባሕርይ ነው። መላጣነትም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች አይመለጡም፤ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው መላጣ ያለባቸው ይመለጣሉ። ጺሙ ስስ የሆነ ጎረምሳን «ወንድነት ጎደለው» ብሎ ማሸማቀቅ መሠረት የለውም።

ሰው ያለዚህ ሆርሞን ምን እንደሚመስል ታሪካችን ውስጥም አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ጃንደረባ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አረባዊ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ነጋዴዎች ብላቴኖችን ዋሽሎ በተባለ ቦታ እያሰለቡ ቁስላቸው እንዲድን ወደ ሐድያ ይወስዷቸው እንደነበር፣ ብዙዎቹም እንደሚሞቱ፣ የአማራው ንጉሥ ድርጊቱን ከልክሎ እንደነበር ዘግቧል። በሕፃንነቱ የተሰለበ ሰው ድምፁ አይጎረንንም፣ ጺም አያወጣም፤ የአጥንቱን እድገት የሚያቆመው ስለሌለ ክንዱና እግሩ ይረዝማል። ገና በጥጃነቱ የተቀጠቀጠው በሬም እንዲሁ ነው። ኮሪያ ውስጥ የ81 ጃንደረቦችን የትውልድ መዝገብ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳወቁት፣ እነዚህ ሰዎች በማዕረግ ከሚመስሏቸው ወንዶች ከ14 እስከ 19 ዓመት ይበልጥ ኖረዋል። ሆርሞኑ በበዛ ቁጥር ጤናም ይበዛል የሚለውን እምነት ይህ ግኝት በብርቱ ይፈትነዋል።

በተፈጥሮ ወይም በሕመም ሆርሞኑ የሚጎድላቸው ወንዶች በብቸናም በሞጣም አሉ። ከጎረመሰ በኋላ ጆሮ ደግፍ የያዘው ወጣት ሕመሙ ወደ ቆለጡ ወርዶ ፍሬው ሊሟሽሽ ይችላል። ሲወለድ የዘር ፍሬው ያልወረደለትና በሕፃንነቱ ያልታከመ አለ። ክላይንፌልተር የተባለው ተፈጥሮ ደግሞ በግምት ከ600 ወንዶች አንዱ ላይ ይታያል፤ ልጁ እግረ ረጅም፣ ጺሙ ሳሳ ያለ፣ የዘር ፍሬው ትንሽ ሆኖ ያድጋል፤ አብዛኛው ሰው ይህ እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። የስኳር በሽታ፣ አረቄ የጎዳው ጉበት፣ የፒቱታሪ ዕጢ እብጠትም ምርቱን ይቀንሳሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ሆርሞን መተካት አያከራክርም። ዕድሜው 18 ሆኖ ድምፁ የልጅ የሆነ ወጣት አቻዎቹ ሲያገቡ እሱ ከሠርግ ይሸሻል፣ ወንዝ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር መታጠብ ያፍራል። ቤተሰቡ «ድግምት ነው» ብሎ ወደ ደብተራ፣ ወይም ጸበል ሊወስደው ይችላል። ጸበሉን ማንም አይከለክለውም፤ ግን ከጸበሉ ጋር አንድ የደም ምርመራ ቢጨመርለት በጥቂት ወራት ድምፁም፣ ጡንቻውም፣ አጥንቱም ሊለወጥ የሚችል ልጅ ነው። ስለዚህ ሆርሞን በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው እሱ ነበር። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

ያ ሌላ ሰው ዕድሜው 50 ያለፈ፣ «ጉልበቴ ደከመ» የሚል ወንድ ነው። ቴስቶስትሮን ከ30ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ልክ እንደ ሽበት የዕድሜ ነገር ነው ወይስ መታከም ያለበት ጉድለት? አሜሪካ ውስጥ በማስታወቂያ ውርጅብኝ የተነሣ ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑ ወንዶች ሆርሞኑን የሚወስዱት ሦስት እጥፍ ገደማ ጨመሩ። በአውሮፓ በስምንት አገሮች የተደረገው ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳወጣው፣ ከ40 እስከ 79 ዓመት ካሉ ወንዶች መካከል የጉድለቱ ምልክትም የሆርሞን ማነስም አንድ ላይ የተገኘባቸው 2.1 በመቶ ብቻ ናቸው።

መድኃኒቱ ለአዛውንቶች ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣው የ790 አሜሪካውያን ጥናት ሁሉም ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሆርሞናቸው በእርግጥ ያነሰ ወንዶችን ያየ ነበር። የወሲብ ፍላጎታቸው መጠነኛ መሻሻል አሳየ። ብርታት ግን አልጨመረላቸውም። በ2023 ደግሞ 5,246 ወንዶች የተሳተፉበት ትራቨርስ የተባለው ጥናት መድኃኒቱ ለልብ ያሠጋል ወይ የሚለውን ጥያቄ መለሰ፤ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻ ሆርሞኑን በወሰዱት 7.0፣ ባልወሰዱት 7.3 በመቶ ሆነ። ይሁን እንጂ የልብ ምት መዛባት፣ ሳንባ ውስጥ የሚረጋ ደምና የኩላሊት ጉዳት ወሳጆቹ ላይ በዛ። አጥንት ያጠነክራል ተብሎ ሲጠበቅ ስብራትም ጨመረ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2025 የልብ ማስጠንቀቂያውን ሲያነሣ፣ በዕድሜ ምክንያት ብቻ ለሚወርድ ሆርሞን መድኃኒቱ አልተፈቀደም የሚለውን ማሳሰቢያ ግን እንዳለ ተወው፤ የደም ግፊት ይጨምራል የሚል አዲስ ማስጠንቀቂያም አከለ።

እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ወፍራም፣ ተቀማጭና ስኳር ያለባቸው ሰዎች በበዙበት ሕዝብ ላይ ነው። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲወቃ የኖረ በጎጃም የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገበሬ ሌላ ዓይነት አካል አለው። ቦሊቪያ ጫካ ውስጥ በእርሻና በአደን የሚኖሩት ፂማኔ የተባሉ ሕዝቦች እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራሉ። የፂማኔ ወንዶች ሆርሞን ከአሜሪካውያኑ በሲሶ ያነሰ ነው፤ ግን እርሻ ለመመንጠር ለአንድ ሰዓት ዛፍ ሲቆርጡ በ47 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምግብ እጥረትና በበሽታ መካከል የሚኖር አካል ጉልበቱን በቁጠባ ይይዛል፤ ሲያስፈልገው ያወጣዋል። የአሜሪካን ሰንጠረዥ ይዞ እንዲህ ዓይነቱን ሰው «ጎደሎ ነህ» ማለት ስሕተት ነው።

ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። የቴስቶስትሮን መርፌ በጣም የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት ቀይ የደም ሕዋስን አብዝቶ ደምን ማወፈሩ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ድርሻ 54 በመቶ ካለፈ ሐኪሞች መድኃኒቱን ያቆማሉ። ብቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ይላሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 15.9 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ አይለይም። የፔሩ ተራራ ሰዎች ደም ግን በዚህ ዓይነት ከፍታ በጣም ይወፍራል፤ ደማቸው ከመጠን በላይ የወፈረባቸው ወንዶች ቴስቶስትሮናቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ደጋው በትውልድ ሂደት የሰጠንን ቀጭን ደም ሳያስፈልግ በመርፌ ማወፈር ተገቢ አይደለም።

ምርመራው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሆርሞኑ ጧት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል፤ ደሙ መቀዳት ያለበት በባዶ ሆድ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት፣ ያውም በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ ቁርሱን በልቶ፣ ከምሳ በኋላ ደም የሰጠ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። አዳሩን እዚያው አድርጎ በማግሥቱ ጧት ቢሰጥ ይሻለዋል። ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ካለበትም እስኪያገግም ይቆይ። ደግሞም ለስንፈተ ወሲብ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ወንድ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የደም ሥር ነው። ስኳርና ደም ግፊት ሳይለኩ መርፌ መወጋት የልብ በሽታን የመጀመሪያ ምልክት አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነው።

መድኃኒት ቤት ገብቶ «ዶክተር፣ ጉልበት የሚሰጥ መርፌ የለም?» ብሎ የሚጠይቅ ባለትዳር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስባል። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ልጅ ነው። በጎጃም እንደ ሌላውም አገር ልጅ ሲጠፋ ጣት ወደ ሚስት ይቀሰራል፤ ትዳር ይፈርሳል፣ ሴቲቱ መካን ተብላ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት በግማሽ በሚጠጉት ላይ ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። ይህን የተረዳ ባል «እንግዲያስ እኔ ልታከም» ብሎ ቴስቶስትሮን ሲወስድ የሚሆነው ከሐሳቡ ተቃራኒ ነው። አንጎል በቂ አለ ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፤ ትእዛዝ ያጣው የዘር ፍሬ ደግሞ ዘር ማምረቱን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ለወንድ የወሊድ መከላከያነት ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት በ7 አገሮች 271 ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ተወጉ፤ 157ቱ ዘራቸው ፈጽሞ ጠፋ። ጡንቻ ለማሳበጥ ስቴሮይድ የሚወስዱ የከተማ ወጣቶችም ዕጣቸው ይኸው ነው፤ ቆለጣቸው ያንሳል፣ አንዳንዶቹም ጡት ያወጣሉ።

ልጅ ለሚፈልግ ወንድ የሚሰጠው ሕክምና ሌላ ነው። የራሱን ፍሬ የሚያነቃቁ እንደ ክሎሚፊንና ኤችሲጂ ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ መጀመሪያ ግን የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይደረጋል፤ እሱም ቀላልና ውድ ያልሆነ ምርመራ ነው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ባልና ሚስትን አብሮ ያያል። መርፌውን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ያንን ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም፤ ካቆመ በኋላ ዘሩ እስኪመለስ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዱ ላይም 2 ዓመት ይደርሳል።