«አደራ፣ አባባ እንዳይሰማ»

የካንሰር ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል የሠራ ነርስ ሁሉ ይህን ልመና ያውቀዋል። ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት ኮሪደር ላይ ለልጆቹ ይነግራቸዋል። እነሱም እዚያው አልቅሰው፣ ፊታቸውን ጠራርገው ወደ ነርሷ ይመጣሉ፤ «ሲስተር፣ አደራ፣ አባባ እንዳይሰማ። ንፍፊት ነው ብለነዋል» ይሏታል። ሐኪሙ ራውንዱን ጨርሶ ይሄዳል፣ ልጆቹም ሲመሽ ቤታቸው ይገባሉ። ምስጢሩን ታቅፋ ከሰውየው አልጋ አጠገብ የምታድረው ነርሷ ናት። የነርሲንግ ሥነ ምግባር ሲነሳ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ስለ ትልልቁ ነገር፣ ለምሳሌ የመተንፈሻ ማሽን ስለ መንቀል ነው። በየፈረቃው የሚገጥመን ግን ይሄ ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ ነርሷ ከቤተሰቡና ከታካሚው አንዱን መምረጥ ያለባት የሚመስላት ጥያቄው ዘግይቶ ስለሚነሳ ነው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ከማን አፍ መስማት እንደሚሻል መጠየቅ ያለበት ታካሚው ራሱ ነው፤ ያውም ውጤቱ ሳይመጣ።

«ዝም ቢባል ማን ይጎዳል?» የሚል ሰው አልጋው አጠገብ የሚሆነውን አላየም። ለሊምፎማ፣ ማለትም ለንፍፊት ካንሰር፣ ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ፀጉር ያረግፋል። ነርሷ አስቀድማ ካልነገረችው ሰውየው ሽንቱን ሲያይ ደም መስሎት ይደነግጣል። ከነገረችው ደግሞ «ለንፍፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት አለ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ይሄ እንኳ ይለፍ። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ፣ በሕክምናው ሰሞን የሚመጣ 38 ዲግሪ ትኩሳት እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል የሚያስሮጥ ድንገተኛ ሕመም ነው። ንፍፊት ነው የተባለ ሰው ግን ትኩሳት ሲሰማው ፓራሲታሞል ውጦ፣ ጋቢውን ደርቦ ይተኛል። ለምን ቶሎ መምጣት እንዳለበት በወጉ ያልተነገረውን ሰው ለምን ዘገየህ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዝምታው የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነርሷ ስለ መድኃኒቱ ልትሰጠው የሚገባትን ምክር ራሱን ያበላሽባታል።

ቤተሰቡ የሚያቀርበው ዋናው ምክንያት «ካወቀ ተስፋ ቆርጦ ይሞትብናል» የሚል ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ፍርሃት ስለሆነ በቁጣ የሚመለስ አይደለም። ድንጋጤውም እውነት ነው፤ መጥፎ ዜና ሰምቶ የማያዝን የለም። ነገር ግን ልጆቹ የሚያነጻጽሩት ማወቅን ከአለማወቅ ጋር ነው፣ እኛ ዋርዱ ውስጥ የምናየው ምርጫ ደግሞ ሌላ ነው፦ ከሚያምነው ሰው በወግ መስማት ወይስ ከማያውቀው ሰው በድንገት መስማት። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ለጨረር ወደዚያ የተላከ ሰው ለምን እንደመጣ ካልገባው ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠው ይነግረዋል። የአልጋ ጎረቤት ይነግረዋል፤ ካርዱን አንብቦ የሚያጉረመርም አስታማሚም ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ እሱ ለልጆቹ ሲል ያላወቀ ይመስላል፣ ልጆቹም ለእሱ ሲሉ የማያውቁ ይመስላሉ፤ ሁሉም ብቻውን ያለቅሳል። ኑዛዜውን የሚናገርበት፣ ዕዳውን የሚዘጋበት፣ የንስሐ አባቱን የሚያስጠራበት፣ ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር የሚታረቅበት ጊዜ በዚህ መሃል ያልቃል። ከቀበሩት በኋላ «ምነው ነግረነው ቢሆን» የሚል ልጅም አይጠፋም፤ ይህን ጸጸት ግን ተመልሶ ለሆስፒታሉ የሚነግረው ስለሌለ ልምዱ እንዳለ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት ባህላችን ነው። «ለታካሚው ፊት ለፊት መናገር የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተመችው ጥናት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ክፉውን ዜና በቀጥታ ለታካሚው መናገራቸው በእኛ ዘንድ እንደ ጭካኔ እንደሚታይ፣ ዜናው መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ሊነገር እንደሚገባ አስረድታለች። ልብ በሉ፤ ቤተሰቡ የሚሰማው ተገቢውን ጊዜና ቦታ መርጦ እንዲነግረው ነው እንጂ ቀብሮ እንዲያስቀረው አይደለም። የመርዶ ሥርዓታችንም ይህንኑ ይመሰክራል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በምሽት አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ የሚናገረውም ሰው የተመረጠ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ ክፉ ዜና ይደበቅ አላለም፤ እንዴት፣ መቼና በማን እንደሚነገር ነው የደነገገው። ኮሪደር ላይ የምንሰማው ልመና የዚህ ባህል ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ሰዓቱን ጠብቆ መናገሩ፣ ሆስፒታል ሲገባ ጠፍቷል።

ደግሞስ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ባህል አለን እንዴ? በኤች አይ ቪ ክሊኒክ ያሉ ነርሶች ከምርመራው በፊት ታካሚውን ለብቻው ያማክራሉ፣ ውጤቱንም ለእሱ ይነግሩታል፤ ያለ ፈቃዱ ለወንድሙም ለእናቱም አይነግሩም። ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ዕለታዊ ሥራ ሆኗል፤ ያኔም ዜናው ከካንሰር ያነሰ አስፈሪ አልነበረም። ያው ነርስ ተዛውራ ካንሰር ክፍል ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤተሰቡ ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም። ይህን ልዩነት ባህል አያስረዳውም። በአንዱ ክፍል ለማማከር ሥልጠና፣ ክፍልና ሰዓት ተመድቦ ነበር፤ በሌላው አልተመደበም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሲፈጠሩ ግልጽ አልነበሩም። ኦከን የተባለ ሐኪም በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ የካንሰርን ውጤት ለታካሚ አለመናገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ኖቫክና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያቀርቡ 97 በመቶው መናገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ የአንድ አገር ባህል ከሥሩ አልተነቀለም፤ የተለወጠው የሕክምናው አሠራር ነው።

በሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ለማንም ሰው ምርመራንም ሕክምናንም እምቢ የማለት መብት ሰጥቶታል። የማያውቀውን ነገር እሺም እምቢም ማለት አይቻልም። የወንጀል ሕጉ ደግሞ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። እንግዲህ ነገሩን አጥብቀን ካየነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ለታካሚው መናገሩ ሳይሆን፣ ሳይፈቅድ ኮሪደር ላይ ለዘመድ መናገሩ ነው።

«ይሄ የሐኪም ሥራ ነው፣ ነርስ ምን አገባት?» የሚሉ አሉ፤ ግማሹን እቀበላለሁ። የምርመራ ውጤት መንገር የሐኪሙ ኃላፊነት ነው፤ ነርሷ በሌሊት ፈረቃ ብቻዋን ተነስታ ብትናገር ስህተት ነው። ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰውየው «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ካንሰር ነው አይደል?» ቢል፣ «አይ አባባ፣ ንፍፊት ነው» ማለትም የእሷ ሥራ አይደለም። «ምን ሰምተው ነው? ምንስ አስበው ነው?» ብላ መጠየቅ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማዳመጥ፣ «ሐኪሙ ጠዋት እንዲያነጋግርዎት አደርጋለሁ» ማለትና የጠየቀውን በራሱ ቃል ካርዱ ላይ መጻፍ ትችላለች። የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ያልተጻፈ ጥያቄ በፈረቃ ርክክብ ላይ ይጠፋል፣ «ጠዋት» የተባለውም ማባበያ ሆኖ ይቀራል። አንድሩ ጄምተን የተባለ ፈላስፋ በ1984 እ.ኤ.አ. በነርሶች ላይ ያስተዋለው የሕሊና ጭንቀት፣ ትክክለኛውን እያወቁ አሠራሩ ስለማያስችል ማድረግ አለመቻል ነው። ይህን ጭንቀት «ጠንካራ ሁኚ» በሚል ምክር ማስወገድ አይቻልም፤ የሚያቃልለው አሠራሩን መለወጥ ነው።

አሠራሩ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ታካሚው አልጋ ሲይዝ፣ ገና ናሙና ሳይወሰድ፣ ዕድሜውንና አድራሻውን በምንጠይቅበት ሰዓት አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «የምርመራው ውጤት ሲመጣ በቀጥታ ለእርስዎ እንንገርዎት? ከቤተሰብ ማን አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ? ወይስ ስለ እርስዎ የሚሰማልዎት ሰው አለ?» ያን ጊዜ ጥያቄው ለሁሉም የሚቀርብ ስለሆነ አያስደነግጥም። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ መርዶ ይሆናል። «ለትልቁ ልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ካለ፣ ይህም የራሱ ውሳኔ ነው፤ እናከብርለታለን፣ ሐሳቡን ከለወጠም በሩ ክፍት ነው። ለቤተሰቡም መልስ ይገኛል፦ «አባታችሁ ከእናንተ ጋር ሆኖ መስማት እፈልጋለሁ ብሎናል፤ ማን ከጎኑ ይቀመጥ?» ስንላቸው ልመናቸውን ገፍተን አላሳፈርናቸውም፤ ቦታ ሰጠናቸው። ጠዋት በራውንድ በ30 ሰው ተከብቦ፣ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ይህን ማድረግ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአለቃ ነርሷን ቢሮ ለሩብ ሰዓት መዋስ ግን ይቻላል።

ያልተፈታ የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋ። ነርሷ አማርኛ፣ ታካሚው ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ ሲናገሩ በመሃል የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው፤ ያው «እንዳይሰማ» ያለው ልጅ። ጥያቄው ምንም ቢያምር በእሱ በኩል ሲያልፍ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አናውቅም። በተረኞች ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ባለሙያው የሚናገራቸው ቋንቋዎች ቢጻፉ፣ የታካሚውን ቋንቋ የሚያውቅ ነርስ ወይም ኢንተርን ሐኪም ከሌላ ክፍል ለአሥር ደቂቃ መጥራት ይቻላል። እስከዚያው ልጁ የተረጎመው «አባባ ማወቅ አይፈልግም» የሚለው መልስ ካርዱ ላይ ሲጻፍ «በልጁ አስተርጓሚነት» የሚል ይጨመርበት፤ ቀጣዩ ተረኛ ጥያቄውን እንደገና እንዲጠይቅ።