የቴሌስኮፕ ተንቀሳቃሽ የኃይል ምንጭ

የቴሌስኮፕ ተንቀሳቃሽ የኃይል ምንጭ የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ጓሮ ወይም ሜዳ ላይ የቴሌስኮፕን ሞተር፣ ካሜራና ተጓዳኝ መሣሪያዎች የሚያሠራ ባትሪ ነው። በእጅ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፕ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ሞተር የተገጠመለት ግን ያለ ኤሌክትሪክ ሰማይን መከተል አይችልም። መሬት በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚጓዙ ይመስላሉ፤ ሞተሩም ቴሌስኮፑን በዚሁ ፍጥነት ያዞራል። ኃይሉ ለአፍታ ቢቋረጥ ወይም ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ቢወርድ መሣሪያው አቅጣጫውን ሊስት ይችላል፤ ከከዋክብት ጋር የማስተካከሉ ሥራም እንደገና መጀመር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚመረጠው በላዩ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር ሳይሆን፣ ምልከታው እስኪያበቃ ድረስ ሳይዋዥቅ በሚሰጠው ኃይል ነው።

የፍጆታ ስሌት

አብዛኞቹ ባለሞተር የቴሌስኮፕ መቆሚያዎች የሚሠሩት በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። የመሣሪያዎቹ የተለመደ ፍጆታ እንደሚከተለው ነው፦

• አነስተኛ ባለሞተር መቆሚያ፦ ኮከብ ሲከተል ከ0.5 እስከ 1 አምፔር፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ በፍጥነት ሲዞር 2 አምፔርና ከዚያ በላይ
• የጤዛ ማሞቂያ ቀበቶ፦ እንደ መጠኑ ከ0.5 እስከ 2 አምፔር
• ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ፦ እስከ 3 አምፔር ገደማ
• ላፕቶፕ ኮምፒዩተር፦ ከ30 እስከ 60 ዋት

የአምፔሩ ድምር በምልከታው ሰዓት ሲባዛ አምፔር-ሰዓት ይገኛል፤ ይህም በቮልቴጁ ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ በዓይን ብቻ ለሚመለከት ሰው መቆሚያው 1 አምፔር፣ ማሞቂያውም 1 አምፔር ቢወስዱ በ5 ሰዓት ውስጥ 10 አምፔር-ሰዓት ወይም 120 ዋት-ሰዓት ይፈጃሉ። 2 አምፔር የሚወስድ ካሜራና 3 አምፔር የሚወስድ ላፕቶፕ ሲጨመሩ ፍጆታው ወደ 35 አምፔር-ሰዓት ወይም 420 ዋት-ሰዓት ያድጋል። በዚህ ምሳሌ ከሁሉም የበለጠ የሚፈጀው ቴሌስኮፑ ሳይሆን ላፕቶፑ ነው። በመሆኑም ትልቅ ባትሪ ከመግዛት በፊት ላፕቶፑን ትንሽ ኃይል በሚወስድ ኮምፒዩተር መተካት ክብደትንም ወጪንም ይቀንሳል።

የባትሪ ዓይነቶች

የእርሳስ አሲድ ባትሪ በ1859 በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የተፈለሰፈ ሲሆን እስከ ዛሬ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው። ጉድለቱ ክብደቱና ተሟጦ መውጣትን አለመውደዱ ነው። ዕድሜው እንዲረዝም ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ መጠቀም ይመከራል። ስለዚህ 10 አምፔር-ሰዓት ለሚፈጅ ምሽት ቢያንስ 20 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ያስፈልጋል። ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ በሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ክምችት ይጠነክርና አቅሙን ያጣል። የመኪና ባትሪ የዚሁ ዝርያ ቢሆንም የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ማለትም ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጅረት ለመስጠት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ ይጎዳል፤ ጠዋት መኪናው አለመነሳቱም ሌላ ችግር ነው።

የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉድኢናፍ ቡድን ከተጠና ቁስ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስላለው አራቱ ሲቀጣጠሉ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። ከአቅሙ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያለ ጉዳት መጠቀም ይቻላል፤ ቮልቴጁም እስኪያልቅ ድረስ ብዙ አይወርድም። ዋጋው ከእርሳስ ባትሪ ይበልጣል፤ ነገር ግን ቀላልና ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ነው።

ፓወር ባንክ ለስልክ የተሠራ ሲሆን አቅሙ የሚጻፈው በውስጡ ባለው ሴል ቮልቴጅ ነው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተባለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም በ12 ቮልት 6 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። ከፊሉ ደግሞ ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ሂደት ይባክናል። አንዳንዶቹ የሚወሰደው ጅረት ሲያንስ በራሳቸው ይጠፋሉ።

ባለኢንቨርተር የኃይል ሣጥን የሶኬት ኃይል ይሰጣል። ነገር ግን የባትሪውን ቀጥተኛ ጅረት ወደ 220 ቮልት ቀይሮ በቻርጀር እንደገና ወደ 12 ቮልት ማውረድ በሁለቱም ጊዜ ኃይል ያባክናል። ሣጥኑ የ12 ቮልት መውጫ ካለው እሱን መጠቀም ይሻላል።

ገመድ፣ ማያያዣና ፊውዝ

ባትሪው ጥሩ ሆኖ ገመዱ ከቀጠነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። 3 ሜትር ርዝመትና 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ገመድ 5 አምፔር ሲያልፍ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ግን ኪሳራው አንድ ሦስተኛው ነው። በግማሽ የተሟጠጠ የእርሳስ ባትሪ ወደ 12 ቮልት ስለሚወርድ፣ በቀጭኑ ገመድ መቆሚያው የሚደርሰው 11 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሞተሩ በፍጥነት ሊዞር ሲል የሚታይ ብልሽት ያመጣል።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተለዋውጠው ከተገናኙ የመቆሚያው ኤሌክትሮኒክስ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አዲስ ገመድ ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር ይለካል። ፊውዝ ደግሞ በባትሪው አጠገብ ይገጠማል፤ ምክንያቱም ገመዱ በጨለማ ተረግጦ ቢላጥና ቢገናኝ ትንሽ ባትሪ እንኳ እሳት ለማስነሳት የሚበቃ ጅረት አለው።

ብርድና ጤዛ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሰማዩ ጥርት የሚለው ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ውርጭ የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው። የእርሳስ ባትሪ ወደ 0 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቃረብ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ ይችላል። የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በብርድ ኃይል መስጠት ቢችልም ከ0 ዲግሪ በታች ሞልቶ መሙላት ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ሙቀት ካገኘ በኋላ ቻርጅ ይደረጋል። ባትሪውን ከእርጥብ ሣር ላይ አንስቶ በሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በስሌቱ ላይም አንድ አራተኛ ያህል መጠባበቂያ መጨመር ተገቢ ነው።

በአውሮፕላን ማጓጓዝ

ትርፍ የሊትየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ የሚበልጥ አይፈቀድም። በመሆኑም ቴሌስኮፕ ከውጭ አገር ይዞ የሚመጣ ሰው ለፎቶግራፍ የሚበቃውን ትልቅ ባትሪ አብሮ ማምጣት ስለማይችል፣ ባትሪውን በሚደርስበት አገር መግዛት ይኖርበታል።