ጭቃ እንዴት አንበሳ ይሆናል?

ለዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ ጽሑፍ ስለ ሸክላ ጌጣጌጥ ነው። ሸክላ ሠሪዎች የሚቀርጹትን ነገር ሐሳብ ከየት ያመጡታል? ተከታተሉኝ።

ሸክላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጀበና፣ ምጣድና ድስት ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወለቃ ግን በሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎችም ይሸጣሉ። በዚህ ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲሸምኑ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ቱሪስት ጎንደርን ለማየት ሲመጣ ጋን ተሸክሞ አገሩ አይገባም፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ጀበና የለመደው እጃቸው ምስል መቅረጽ ጀመረ።

የሐሳባቸው ምንጮች ሦስት ናቸው፦

1. ኑሯቸው፦ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ልጅ ያቀፈች እናት።
2. ታሪክ፦ ንጉሥ ሰለሞንና ንግሥተ ሳባ፣ የይሁዳ አንበሳ።
3. እምነታቸው፦ የዳዊት ኮከብ።

አሠራሩ ማሽን የለውም። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይቦካል። በእጅ ከተቀረጸ በኋላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። ቸኩለው እሳት ውስጥ ከከተቱት ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በእንጨትና በኩበት ይቃጠላል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ የቀሩት ሴቶች ግን ሥራውን አልተዉትም፣ እስካሁን ቅርጾቹን እየሠሩ ይሸጣሉ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። እነዚያ ባለሙያዎች «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ዕቃቸውን የሚገዛቸው ሰው ራሱ ይርቃቸው ነበር። ይህ ስድብ ዛሬም አልጠፋም። የሸክላ ሠሪ ልጅ መንገድ ላይ እንዲህ ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሰደቧት ልጆች ቤት ቡና የሚፈላው ግን እናቷ በሠራችው ጀበና ነው!

በእኛም ብልባላ ሐሳብ የሚሰጥ ነገር ሞልቷል። ከአለት የተፈለፈሉት ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ አሉ። ገበያ የሚሄድ አህያ፣ ካባ የለበሰ እረኛም አለ። ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ እነዚህን በሸክላ ተሠርተው ቢያገኝ የሚገዛ ይመስለኛል። የሚሠሩት እናቶች እንዲደፍሩ ግን መጀመሪያ ስድቡን እንተው። በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜም አንዷን ጋብዘን ብታስተምረን ብዬ መምህራንን እጠይቃለሁ።