«6ን ጨምሮ»፦ ስለ ዶክመንቴሽን እርማት

በፓይተን የሉዶ ጨዋታ የሚሠራ ፕሮግራመር ዳይሱን ለመወርወር ራንድኢንት የተባለውን ፈንክሽን ይጠራል። 1 እና 6 ብሎ ሲሰጠው ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያወጣለታል። እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ያለው ራንድሬንጅ ግን እነዚሁ ቁጥሮች ቢሰጡት ከ5 አያልፍም። የትኛው የመጨረሻውን ቁጥር እንደሚጨምር፣ የትኛው እንደሚተው የሚናገረው ዶክመንቴሽኑ፣ ማለትም የአጠቃቀም ማብራሪያው ነው። «ከ1 እስከ 6» ብሎ ብቻ ካለፈ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይረዳዋል። «6ን ጨምሮ» ካለ ግን ክርክሩ ያበቃል። የዶክመንቴሽን እርማት ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

የፓይተን ዶክመንቴሽን የሚቀመጠው ከኮዱ ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁለቱም ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ናቸው። ገጾቹ በተራ ጽሑፍ ይዘጋጁና ስፊንክስ የተባለ ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ይለውጣቸዋል። ስፊንክስም መጀመሪያ የተሠራው ለዚሁ ለፓይተን ዶክመንቴሽን ነበር። ከገጾቹ ሌላ ዶክስትሪንግ የሚባል አጭር ማብራሪያ አለ፤ ኮዱ ውስጥ ይጻፋል፣ «ሄልፕ» ብሎ ለጠየቀም የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ስህተት ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱን ያረመ ሌላውንም ማየት አለበት።

አራሚው ፋይሉን አስተካክሎ ፑል ሪኩዌስት የተባለውን የለውጥ ጥያቄ ይልካል። ለፊደል ግድፈት ቀድሞ ችግሩን ማስመዝገብ አይጠበቅበትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ግን የአስተዋጽኦ ስምምነት ይፈርማል። ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዱ አይቶ ካጸደቀው ይገባል። ስህተቱ ጥገና ባልተቋረጠባቸው የቀድሞ ቨርዥኖች ውስጥም ካለ እርማቱ ወደ እነሱ ይገለበጣል።

በዚህ ሥራ ማሽንም በከፊል ያግዛል። ዶክቴስት የተባለው መሣሪያ በጽሑፉ መካከል ያሉትን የኮድ ምሳሌዎች አስኪዶ ውጤታቸው ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ያጣራል። በዙሪያቸው ያለው ዐረፍተ ነገር እውነት ይሁን ሐሰት ግን አያውቅም።

ደግሞም የተለወጠ ሁሉ ታረመ ማለት አይደለም። ሰዎች ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች አስተዋጽኦ እንዲያደርጉ ለማበረታታት በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በሚካሄደው ሃክቶበርፌስት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ቲሸርት ለማግኘት ሲሉ ፋይዳ የሌላቸው ቃላት የሚጨምሩ ሰዎች ፕሮጀክቶችን አጥለቀለቁ። አዘጋጆቹ ገና ወሩ ሳያልቅ ደንቡን ቀይረው ፈቃዳቸውን የሰጡ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ አደረጉ። እያንዳንዱን ለውጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አለና፣ ከንቱ ለውጥ የዚያን ሰው ጊዜ ይበላል።

ጥሩ እርማት የሚነሳው አንባቢን በእርግጥ ካሳሳተ ዐረፍተ ነገር ነው። አራሚው ኮዱን አስኪዶ ያረጋግጣል፣ የተሳሳተውን ብቻ ይነካል፣ ለምን እንደለወጠውም በአንድ መስመር ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ለማግኘት ደግሞ ጀማሪ ከነባር ይሻላል፤ ነባሩ መልሱን ስለሚያውቅ የጎደለችውን ቃል በልቡ ሞልቶ ያልፋል።