በነጻ የተለቀቀ ፎንት ሊኑክስ ላይ ለምን ይጠፋል?

መርካቶ ውስጥ የሠርግ ጥሪና ባነር የሚያዘጋጅ ባለሱቅ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቢዞር ቶሎ የሚጎድልበት ፎንት ነው። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ እነ ኡቡንቱና ዴቢያንን የመሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ሊያድሉት አይችሉም። ይህ አያከራክርም። አስቸጋሪው፣ ባለቤቶቻቸው በነጻ የለቀቋቸው የግዕዝ ፎንቶችም እርስ በርስ አለመዋሃዳቸው ነው።

ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ከሥራው ጋር የተዋሃደ ሁሉ በዚያው በጂፒኤል እንዲሰራጭ ያስገድዳል። ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የክፍት ፎንት ፈቃድ 1.1 ደግሞ የተሻሻለው ፎንት በራሱ ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ያዛል። ሁለቱም ለጋስ ናቸው፤ አንድ ፎንት ውስጥ ግን አብረው አይኖሩም።

የእኛ ፊደል በሁለቱም ወገን አለ። ብርሃኑ በየነ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሃምቡርግ ላይ ያዘጋጇቸው የኢትዮፕ ፊደላት በጂፒኤል ተለቀው ጂኤንዩ ፍሪፎንት የተባለው የፎንት ስብስብ አካል ሆነዋል። የዋሽራ ፎንቶችም በጂፒኤል ናቸው። አቢሲኒካና የጉግል ኖቶ ግን በክፍት ፎንት ፈቃድ ሥር ናቸው። ባለሱቃችን የዋሽራን የግዕዝ ቁጥሮች ወዶ አቢሲኒካ ውስጥ ቢያስገባቸው ሱቁ ውስጥ ሊሠራበት ይችላል፤ አዲሱን ፎንት ለጎረቤቱ ሲሰጥ ግን ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱን መጣሱ አይቀርም። ሁለቱንም ሳያዋህዱ ጎን ለጎን መጫን ግን ምንም ችግር የለውም።

ጂፒኤል ሲጻፍ የታሰበው ለፕሮግራም ነበር። ፒዲኤፍ ደግሞ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ታዲያ የደንበኛው የሠርግ ጥሪም በጂፒኤል ሊገዛ ነው? ይህን ስጋት ለማስወገድ፣ ሰነዱ በፎንቱ ምክንያት ብቻ በፈቃዱ እንደማይያዝ የሚገልጽ ተጨማሪ አንቀጽ ተዘጋጀ፤ ፍሪፎንትም ይህን አንቀጽ ይዟል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ይልቅ «ነጻ ነው፣ ውሰዱት» ተብሎ ያለ ፈቃድ ጽሑፍ የሚለቀቀው ፎንት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ የፎንት ፋይልም እንደ ፕሮግራም ሊታይ ይችላል፤ በሌላው ዓለምም እንዲሁ። በግልጽ ያልተፈቀደውን ማንም ስርጭት አይነካውም። «ለንግድ አይውልም» የሚለውም ከዴቢያን ዋናው ክፍል ውጭ ይቀራል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴቢያን መመሪያ የሥራ መስክ ለይቶ መከልከልን አይቀበልም። እውነትም ለመርካቶ አታሚ እንዲህ ያለ ፎንት ምን ያደርግለታል? ፎንት የሚሠሩ ወጣቶቻችን ስማቸውን፣ ዓመቱንና የተሟላውን የክፍት ፎንት ፈቃድ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ከሥራቸው ጋር ቢያስቀምጡ፣ ፓኬጅ የሚያዘጋጀው ሰው ስለ ፈቃዱ የሚጠይቃቸው ሌላ ነገር አይኖርም።