እንዴት ይሠራል? ግሩም ፊልም፣ ከንቱ መጫወቻ

እነ ዲስኒና ዩኒቨርሳልን የመሳሰሉ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ሰው የሚጠሩት በፊልም ስም ነው። ስሙ በር ላይ ሲሰቀል ሰልፉ ወዲያው ይረዝማል። ጣጣው ያለው ከሰልፉ መጨረሻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ የገባ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሌላ በር ይወጣና "በቃ፣ ይኸው ነው?" ይላል። ጥፋቱን በገንዘብ ማነስ ወይም በስንፍና ማሳበብ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አይደሉም። ፊልምና መጫወቻ የሚሠሩት በተቃራኒ መንገድ ነው። እስቲ ማሽኑን ከፍተን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራ ይደብቃል፣ መጫወቻ ያጋልጣል

ከ"ጆውስ" እንጀምር። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ለዕይታ ያበቃውን ይህን የሻርክ ፊልም ለመቅረጽ ሦስት ሜካኒካል ሻርኮች ተሠርተው ማሳቹሴትስ ጠረፍ ወዳለችው ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ተወሰዱ። የባሕሩ ጨው ግን ሻርኮቹን አላሠራ አለ። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ስፒልበርግ ሻርኩ በተበላሸ ቁጥር ያለ ሻርክ መቅረጽ ግድ ሆነበት፤ ውኃ ላይ የሚሮጡ ቢጫ በርሜሎችን፣ ከሥር ወደ ዋናተኛው እግር የሚጠጋ ካሜራን፣ የሙዚቃ ደራሲውን የጆን ዊሊያምስን ሁለት ኖታ ተጠቀመ። ሻርኩ በደንብ ብቅ የሚለው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው የፈራው ያላየውን ሻርክ ነበር።

ዩኒቨርሳል ይህንኑ ሻርክ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ በገነባው ፓርክ መጫወቻ አደረገው። ፓርኩ የተከፈተው ጁን 7 ቀን 1990 ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ መጫወቻዎች በመክፈቻው ቀን እየተበላሹ ጎብኚውን አስመረሩት። ከሁሉም የከፋው "ጆውስ" ነበር። በመጀመሪያው ዲዛይን ሻርኩ ሰው የተሳፈረበትን ጀልባ ነክሶ ያዞረዋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈንድቶ ሥጋና ደሙ ውኃው ላይ ይበተናል።

በወረቀት ላይ ድንቅ ነው። ግን የሚሠራው ውኃ ውስጥ መሆኑን አስቡ። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ አንድ አካል በውኃ ውስጥ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገጥመው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከባድ ሻርክ በፍጥነት ብቅ ብሎ፣ ነክሶ፣ ተመልሶ ሰምጦ፣ ቀጣዩ ጀልባ ሳይደርስ ቦታውን መያዝ አለበት። በየመገጣጠሚያው ያለው ጎማ፣ ቱቦና ዘይት ይህን ሁሉ ጫና ቀኑን ሙሉ ይሸከማል። ፊልሙ ላይ ሻርኩ ሲበላሽ ዳይሬክተሩ ካሜራውን ወደ በርሜሉ ያዞራል። ጀልባ ላይ የተቀመጠን ሰው ዓይን ግን የሚያዞር የለም፤ ሻርኩን፣ ከሥሩ ያለውን ብረት፣ ከዛፉ ኋላ የቆመውን የፓርኩን ሠራተኛ ሳይቀር ያያል።

መጫወቻው ተዘግቶ እንደገና ተሠራና በ1993 ተከፈተ። ንክሻውና ፍንዳታው ቀረ፤ በምትኩ ሻርኩ የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ ገመድ ነክሶ እንዲቃጠል ተደረገ። ገመዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ብልጭታውና ጭሱ ሥራውን ይሠራሉ፣ ሻርኩም ብዙ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ቀለል ያለው ስሪት እስከ ጃንዋሪ 2 ቀን 2012 ቆየ።

የሰልፉ ሒሳብ

መሐንዲሱ ታሪኩን ከማሰቡ በፊት አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በሰዓት ስንት ሰው ይስተናገዳል? ቁጥሩ 1,800 ነው እንበል። መኪናው 12 ሰው የሚይዝ ከሆነ በየ24 ሴኮንዱ አንድ መኪና መነሣት አለበት። 48 ሰው የሚይዝ ከሆነ ደግሞ በየ96 ሴኮንዱ አንድ ይበቃል። ሁለቱም 1,800 ሰው ያስተናግዳሉ፤ የሚሰጡት ስሜት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ትንሿ መኪና ትወረወራለች፣ ትታጠፋለች፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንድታዩ ታስገድዳችኋለች። ትልቁ መኪና ከባድ ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ መሐል የተቀመጠው የሚያየውን ዳር የተቀመጠው አያይም።

በዚሁ ሒሳብ፣ ፓርኩ በቀን አሥር ሰዓት ቢከፈት በ48 ሰዎቹ መጫወቻ ላይ የሚታይ ሻርክ በቀን 375 ጊዜ ብቅ ማለት አለበት። ዓመቱን ሙሉ ሲቆጠር ከ136 ሺህ ጊዜ ያልፋል። ለፊልም የተሠራው ሻርክ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ከተሳካለት በቂ ነበር።

ስለዚህ መሐንዲሶች ከመጀመሪያው ሁለተኛ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። አንድ ውድ ማሽን ሲበላሽ መጫወቻውን በሙሉ ከመዝጋት ያንን ክፍል አጥፍተው፣ መብራቱን ቀይረው ሰው ማሳፈሩን ይቀጥላሉ። በዚያ ቀን የገባ ጎብኚ የቀረበትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ደስ እንዳላለው ብቻ ነው። ከፊልም የመጣ ባይሆንም፣ የዚህ ዋናው ምሳሌ በዲስኒ አኒማል ኪንግደም በ2006 የተከፈተው "ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት" ነው። ባቡሩ ላይ ክንዱን እንዲሰነዝር የተሠራው 7.5 ሜትር ገደማ የሚሆነው የበረዶ ጭራቅ ጥቂት ሠርቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በብልጭ ድርግም መብራት የሚንቀሳቀስ እያስመሰሉት ነው።

ስክሪኑ ለምን በዛ?

ስክሪን አይዝግም፤ ዘይት አያንጠባጥብም፤ ፊልሙ ሲያረጅ በሌላ ይተካል። ስለዚህ ብዙ መጫወቻዎች ወደ ስክሪን ዞሩ። ስክሪን ብቻውን ግን ሰውነትን አያታልልም። ምክንያቱ ያለው ጆሯችን ውስጥ ነው።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ በለስላሳ ሽፋን ላይ የተቀመጡ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ሚኒባሱ ሲነሣ ጠጠሮቹ ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ሽፋኑን ይጎትታሉ፤ አንጎልም መነሣታችንን ያውቃል። ፍጥነቱ እኩል ሆኖ ሲቀጥል ጠጠሮቹ ይረጋሉ። ጆሮ የሚያውቀው የፍጥነትን ለውጥ እንጂ ፍጥነቱን ራሱን አይደለም። ደግሞ አንድ ድክመት አለበት፤ ወደ ፊት መስፈንጠርን ወደ ኋላ ከማዘንበል አይለይም፤ በሁለቱም ጊዜ ጠጠሮቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ።

እንቅስቃሴን የሚያስመስል ማሽን ሁሉ የሚሠራው በዚህ ድክመት ነው። ወንበራችሁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክብደታችሁ ጀርባችሁ ላይ ያርፋል። ዓይናችሁ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ መንገዱ ሲከንፍ ካየ፣ አንጎል "ተፈተለክን" ብሎ ይደመድማል። በካሊፎርኒያው ዲስኒላንድ በ1987 የተከፈተው "ስታር ቱርስ" እንዲህ ነው የሚሠራው። ክፍሉ ዝግ ነው፣ ከፊት አንድ ስክሪን አለ፣ ወለሉን ከሥር የሃይድሮሊክ እግሮች ያነሡታል። ውጭውን የሚያሳይ ቀዳዳ ስለሌለ ማዘንበሉን የሚያጋልጥ ነገር የለም።

አሁን "ፋስት ኤንድ ፊሪየስ፦ ሱፐርቻርጅድ"ን እንየው። በ2015 ሆሊውድ በሚገኘው የዩኒቨርሳል ፓርክ፣ በ2018 ደግሞ ኦርላንዶ ተከፈተ። ከፊልሙ የሚጠበቀው አንድ ነገር ፍጥነት ነበር፤ ሰውን የጠበቀው ግን ትልቅ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ወደ ጨለማ አዳራሽ ይገባና በግራና በቀኝ በተዘረጉ ረጃጅም ስክሪኖች መካከል ይቆማል። መንገዱና መኪኖቹ በጎን ሽው ይላሉ፣ ነፋስ ይነፍሳል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

ዓይን "እየበረርን ነው" ሲል ጆሮ "ቆመናል" ይላል። ብዙ ሰው የጫነና ጎኑ የተከፈተ አውቶቡስ እንደ ትንሽ ዝግ ክፍል አዘንብሎ ሊያታልል አይችልም፤ መንቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ፍጥነት ሳይሆን መጥፎ መንገድ ነው የሚያስታውሰው። ሌላም አለ፤ ስክሪን ላይ ያለ ምስል ጥልቀቱ ትክክል የሚሆነው ከአንድ ቦታ ሲታይ ነው። የፊተኛው ወንበርና የኋለኛው ወንበር በአሥር ሜትር ሲራራቁ፣ ለአንዱ ቀጥ ያለው መኪና ለሌላው ይጣመማል። ዩኒቨርሳል ራሱ ይህን ችግር በ1999 በ"ስፓይደርማን" መጫወቻው ፈትቶት ነበር፤ ትንሿ መኪና ስትንቀሳቀስ በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ተሳፋሪው ካለበት ቦታ አንጻር አብሮ ይስተካከላል። 48 ሰው ላሳፈረ አውቶቡስ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። የሆሊውዱ "ሱፐርቻርጅድ" በ2025 ተዘጋ። ዩኒቨርሳል ለዚሁ ፊልም ወደ ሮለር ኮስተር ዞሯል፤ በእውነት ወደሚፈጥን ነገር ማለት ነው።

አንድ ፊልም፣ ሁለት መጫወቻ

ከዚህ ሁሉ "ስክሪን መጥፎ፣ ማሽን ጥሩ" የሚል ድምዳሜ የሚያወጣ ሰው ወደ አኒማል ኪንግደም ይሂድ። በጄምስ ካሜሮን "አቫታር" ላይ የተመሠረተው የፓርኩ ክፍል ሜይ 27 ቀን 2017 ሲከፈት ሁለት መጫወቻዎች ነበሩት።

"ናቪ ሪቨር ጀርኒ" የጀልባ ጉዞ ነው። በሚያበራ ጫካ ውስጥ ዝግ ብሎ ያልፋል። መጨረሻ ላይ የምትዘምር የናቪ (የፊልሙ ፍጡራን) ሴት አለች፤ የፊቷና የእጇ እንቅስቃሴ በመዝናኛ ፓርኮች ከተሠሩት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት ነው። ሆኖም ጀልባዋ የምትይዘው ስምንት ሰው ስለሆነ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ጉዞው ደግሞ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። የሚጀምርና የሚያልቅ ታሪክ የለውም፤ የሚያስደነግጥም የሚያስጨንቅም የለም። ድንቅ ማሽን ይዞ ሰውን ቅር ያሰኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው "ፍላይት ኦቭ ፓሴጅ" ትልቅ ስክሪን ነው፤ ሰው የወደደው ግን እሱን ነው። ሠሪዎቹ ከፊልሙ አንድ ነገር ብቻ መረጡ፤ በክንፋም ፍጡር ጀርባ መብረር። ጎብኚው እንደ ሞተር ብስክሌት ባለ ወንበር ላይ ይፈናጠጣል፤ ወንበሩ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ ነፋስና የጫካ ሽታ ይመጣል። በሁለቱ ጉልበቶቹ መካከል ደግሞ የፍጡሩ ጎን ሲተነፍስ ይሰማዋል፤ ከፍ፣ ዝቅ። ይህች ትንሽ ነገር ስክሪኑን ታስረሳለች። ወንበሩ የአንድ ሰው ስለሆነም ዓይን ያየውን ሰውነት ያረጋግጣል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከፊልሙ ቆንጆ ነገር ሰብስቦ ለዓይን የሚደረድር መጫወቻ በፊልሙ መሸነፉ አይቀርም፤ ፊልም በማሳየት የሚበልጠው የለምና። ፊልም የማይችለው ሰውነትን መንካት ነው። ከፊልሙ አንድ ስሜት ለይቶ ለሰውነት የሚሰጥ መጫወቻ በስክሪንም ቢሠራ በብረትም ይሳካለታል። በ1995 በዲስኒላንድ የተከፈተው "ኢንዲያና ጆንስ አድቬንቸር" መንገዱ ልሙጥ ነው፤ 12 ሰው የሚይዘው መኪና ግን አካሉ በሃይድሮሊክ ስለሚንቀሳቀስ በጎርበጥባጣ ዋሻ የሚሮጥ ይመስላል። ሰዎቹም ሲወጡ የሚያወሩት ስለ መንገጫገጩ ነው።

ከመሰለፋችሁ በፊት

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ልጆቻችሁን ኦርላንዶ ስትወስዱ፣ ኤምሬትስ ያላችሁም የዱባዩን ሞሽንጌት ወይም የአቡዳቢውን ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ስትጎበኙ፣ የፊልሙን ስም ለጊዜው እርሱት። አንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚይዝ ተመልከቱ፤ ሰው በበዛበት መጠን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ስሜት ይሳሳል። የቁመት ገደብ ካለው ማሽኑ በእርግጥ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፤ ከሌለው ከትንሽ ልጅ ጋር የሚገቡበት እንጂ ለጉድ የሚያስጮህ አይሆንም። የጉዞውን ርዝመት ከሰልፉ ጋር አነጻጽሩት። የአራት ደቂቃ የጀልባ ሽርሽር የሁለት ሰዓት ሰልፍ አያዋጣም፤ ማልዳችሁ፣ ሰልፉ ሳይረዝም ግቡበት፣ አለዚያ እለፉት።