የካምፐኑ ዲዳና የበረዶ መንደሮቹ

በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ካሉት ሥዕሎች አንዱን ራቅ ብሎ ማየት አያዋጣም። ወርዱ ከ130 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በውስጡ ግን ወንዙ በረዶ ሆኖ የመንደሩ ሰው ሁሉ ላዩ ላይ ይርመሰመሳል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1608 ገደማ የተሠራ የሄንድሪክ አቨርካምፕ ሥራ ነው።

አቨርካምፕ በ1585 አምስተርዳም ተወልዶ ያደገው አባቱ መድኃኒት ቀማሚ በነበሩባት በካምፐን ከተማ ነው። መናገር ስለማይችል «የካምፐኑ ዲዳ» ይሉት ነበር። ዘመኑ አውሮፓ ክፉኛ የቀዘቀዘችበት፣ የሆላንድ ቦዮችና ወንዞች በብርዱ የሚጠጥሩበት ነበር። ጀልባ ሲቆም ሥራውም ጨዋታውም ወደ በረዶው ይወርዳል፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ርዕስ ብዙም አልራቀም።

አጀማመሩ የውሰት ነበር። መንደሩን ከከፍታ ቁልቁል ማየትንና አድማሱን ወደ ላይ መስቀልን ያገኘው ከፍላንደርስ ሰዓሊዎች፣ በተለይም ከፒተር ብሩጌል ነው። በ1608ቱ ሥዕል በግራ በኩል ያለችው፣ አሮጌ በር በእንጨት ተደግፎ የተሠራች የወፍ ወጥመድ እንኳ በብሩጌል የ1565 ሥዕል ላይ አቻ አላት።

የራሱ የሆነው ለጉድ ያለው ዓይን ነው። ከወጥመዷ ብዙም ሳይርቅ ውሻና ቁራ ጥንብ ይቦጫጭቃሉ። የከበሩት አጊጠው ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ተንሸራቶ ተዘርሯል፤ ሌላው ደግሞ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ በአደባባይ ይጸዳዳል። ሠዓሊው ስሙን የጻፈው በቀኝ በኩል ካለው የእንጨት ዳስ ግድግዳ ላይ ነው፤ ልጅ የሞነጨረው በሚመስል ሥዕል አጠገብ።

ከደጅ ንድፍ እየሰበሰበ ቤት ውስጥ ስለሚያቀናብር፣ አንዳንዶቹ ሰዎች ከሥዕል ሥዕል ይመላለሳሉ። ቅርብ ያሉትን ደማቅ ቀለም ያለብሳቸዋል፤ ሩቆቹ እየገረጡ ሄደው ከጉሙ ጋር ይዋሃዳሉ። ዓመታት ሲያልፉ አድማሱን ዝቅ አደረገው፤ ሰማዩ ሰፋ፤ ሰዉም ሳሳ። በ1634 ሲሞት ከብሩጌል የተበደረው ከፍታ አብሮት አልነበረም።

በእጅ ብልሃት የኋለኞቹ እንደሚበልጡ አልክድም። ምርጫዬ ግን የ1608ቱ ነው፦ በኋለኞቹ ሰማዩ ሰዎቹን ይጫናቸዋል፤ በዚያኛው ግን ያ ሱሪውን የፈታ ሰውዬ እንኳ ከመኳንንቱ እኩል ቦታ አለው።